ከጡት ወደ መሶብ፤ የሕፃናት የመጀመሪያ ምግብ ታሪክ

(በሬዲዮ የተነገረ)

አባቶቻችን «ልጅ በጡት፥ እህል በጥቅምት» ብለው የተረቱት በከንቱ አይደለም። ሰብል በጥቅምት ካላማረ ከዚያ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ ብዙ እንደማይጠቅመው፥ ልጅም በጡት ዘመኑ ካልጠና ኋላ የሚጨመርለት የጎደለውን አይሞላለትም ማለታቸው ነው። ይህ ተረት እውነት መሆኑን የዛሬው የሕክምና ትምህርት አረጋግጦታል። ነገር ግን ተረቱ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። የእናት ጡት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ በደረሰ ጊዜ፥ ሕፃኑ ከጡት ወደ ቤተ ሰቡ መሶብ የሚሻገረው በምን ድልድይ ነው? ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የምናወራዎ የዚህን ድልድይ ታሪክ ነው።

«የልጅ ገንፎ ደግሞ ታሪክ አለውን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አለው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፥ ረኀብና ጥጋብ፥ የሐኪም ምርመራና የመንግሥት ድንጋጌ ሁሉ በዚህች ትንሽ ሳሕን ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ማለት ወደ ሳይንቷ አጅባርና ወደ ቦረናዋ መካነ ሰላም እንሄዳለን፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህ አገር በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ደጋ ነው። የጥንቱ ቤተ አምሐራ ክፍል ሲሆን፥ ስመ ጥሩዋ ተድባበ ማርያም የምትገኘው በዚሁ በሳይንት ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብቶ፥ በሰርግም በለቅሶም ተጠራርቶ የሚኖርበት አገር ነው። በደጋው ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላ፥ አተርና ተልባ ይበቅላል፤ ወደ ሸለቆው ዝቅ ሲሉም ጤፍና ማሽላ ይገኛል። እንግዲህ እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ የሚቀምሰው ምንድን ነው?

በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ከጻፈውም መካከል ሕፃን በሚጠመቅበት ጊዜ ቅዱስ ቍርባን እንደሚቀበል የሚናገር ይገኛል። ይህ ሥርዓት ዛሬም ሳይለወጥ ይኖራል። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ስለ ሆነ፥ ክርስቲያኑ ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ ከሚቀምሳቸው ነገሮች አንዱ የወይን ፍሬ ነው ማለት ነው። በእስልምናም በኩል ተሕኒክ የሚባል ሥርዓት አለ። ይኸውም ጥቂት የላመ ተምር በተወለደው ሕፃን ላንቃ ላይ መቀባት ነው። ስለዚህ አንደኛው በዘቢብ፥ ሁለተኛው በተምር፥ ሁለቱም ጎረቤታሞች ልጆች ወደዚህ ዓለም የሚገቡት በፍሬ ተባርከው ነው። እነዚህ የሃይማኖት ሥርዓቶች ናቸው እንጂ ምግቦች አይደሉም፤ ቢሆንም ልብ ይሏል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ምንድን ነው ቢሉ፥ ከዚህ በረከት በኋላ ፍሬ ከሕፃኑ አፍ ብዙ ዘመን መራቁ ነው። በደጋው ኑሮ ፍራፍሬ እንደ ምግብ አይቈጠርም። ቀጋ፥ ኮሽም፥ አጋም፥ እንጆሪና ሾላ የእረኛ ስንቅ ናቸው፤ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ከዱር ለቅሞ ይበላቸዋል እንጂ ወደ ቤት ገብተው በመሶብ ላይ አይቀርቡም። እረኛ ለመሆን ያልደረሰው፥ ገና በእናቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃን ግን ወደ ቍጥቋጦው የሚሄድበት እግር የለውም። ፍሬውን የሚያገኘው ሌላ ሰው ቢያመጣለት ብቻ ነው፤ የሚያመጣለትም የለም።

የለመደው ምግብ ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንመልከት። በብዙ ቤት አራስ ልጅ ቅቤ ይልሳል፤ የአብሽ ውሃም የሚሰጥ አለ። ከዚያ በኋላ የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፥ ቀጥሎም ገንፎ፥ በመጨረሻም በሽሮ የራሰ የእንጀራ ፍትፍት ይከተላል። እነዚህ ምግቦች የሚናቁ አይደሉም። አጃና ገብስ ኀይል ይሰጣሉ፤ በእንጀራ ውስጥ ያለው እርሾም እህሉ የያዘውን ማዕድን ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ይረዳል። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። አጥሚቱ ለሕፃኑ እንዲቀልለው ተብሎ ሲቀጥን ከውሃ ብዙም አይሻልም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከሞላ ጠገበ ይባላል፥ ነገር ግን አልተመገበም። አጥሚቱ ቢወፍር ደግሞ ለመዋጥ ያስቸግረዋል። እናት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተይዛ ስትቸገር ኖራለች።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ራሱ በቤቷ ጓዳ ተቀምጦ መኖሩ የሚያስገርም ነው። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል አለ። እህል ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው ኀይል ስታርች የሚባለውን የእህል ክፍል ይሰባብረዋል። ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ሲል አንድ ትንሽ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ቢጨመርበትና ቢማሰል፥ ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል። ከዚያም እንደ ገና አፍልቶ መስጠት ነው። ብቅሉ በንጹሕ ዕቃ የበቀለና ሻጋታ የሌለበት መሆን ይገባዋል። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያገኛል፤ ለመዋጥ የሚቀልና ኀይሉ ያልተበረዘ ምግብ። ስንት ዘመን ለአዋቂ መጠጥ ስናውለው የኖርነው ጥበብ ለሕፃን እንደሚሆን ያሰበ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መሰናክል የጾም ጉዳይ ነው። በዚህ ነገር በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን እንዲጾሙ አላዘዘችም፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም። ይሁን እንጂ እናቲቱ በምትጾምበት ወራት ድስቱና ማንኪያው ፍስክ እንዳይነካው ስትል ለልጅዋ ወተትና እንቍላል ማዘጋጀቱን ትተወዋለች። በዚህም ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ያልጣለችበትን ጾም ሕፃኑ ይጾማል። ለሕፃኑ የራሱ የሆነ አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ቢለይለት ግን ጾሙም ይጠበቃል፥ ልጁም ይመገባል። እስላሟም እናት ብትሆን በቁርኣን ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባት የተመከረላት ስለ ሆነ፥ ይህን መልካም ትምህርት ከስድስተኛው ወር በኋላ በሚጨመር ምግብ ልትደግፈው ይገባታል።

ሦስተኛው መሰናክል ገበያ ነው። በገጠር ዶሮ የምትጥለው እንቍላል በአብዛኛው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጨው፥ ቡና፥ ሳሙና ይገዛበታል። እናት ይህን የምታደርገው ልጅዋን ስለማትወድ አይደለም፤ እንቍላል ለሕፃን ምን እንደሚሠራ የነገራት ስለሌለ፥ ወይም የቤቱ ችግር ስለሚያስገድዳት ነው።

ይህ መሻገሪያ ሲሰበር የሚመጣውን ጉዳት ለዓለም ሐኪሞች በስሙ ያስታወቀችው ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ናት። በጎልድ ኮስት፥ ማለት በዛሬዋ ጋና ስትሠራ፥ እግራቸውና ፊታቸው ያበጠ፥ ጠጕራቸው የቀላ ሕፃናት አየች። በ1933 ስለ በሽታው ጻፈች፤ በ1935 ደግሞ የአገሩ ሰዎች የሚጠሩበትን «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን ስም ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀች። ቃሉ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ሲመጣበት ከጡት የተባረረውን ልጅ በሽታ የሚያመለክት ነው። ሐኪሞች ገና ስም ሳያወጡለት የጋና እናቶች የበሽታውን ምክንያት በአንድ ቃል ተናግረውት ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ይህ ነገር ከመመርመር አልተረፈም። በ1958 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በመተባበር የሕዝቡ አመጋገብ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ተጠና፤ ውጤቱም በ1959 ታተመ። ከዚያም በ1962 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው ስለ ሕፃናት ምግብ የሚመራመር አንድ ክፍል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ይህ ክፍል በ1968 አድጎ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ። ሥራውም የአገሩን እህል መርምሮ የትኛው ከየትኛው ጋር ቢደባለቅ ለሕፃን እንደሚስማማ ማወቅ፥ ያወቀውንም ለእናቶች ማስተማር ነበር።

ከዚህ ሥራ የተገኘው ፍሬ «ፋፋ» የተባለው ዱቄት ነው። ስሙ የተወሰደው «ፋፋ» ከሚለው ግስ ሲሆን፥ ወፈረ፥ አማረበት ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። የስንዴ ዱቄት፥ ሽምብራ፥ ዘይቱ የወጣለት አኩሪ አተር፥ ቅባቱ የተወገደ የወተት ዱቄት፥ ስኳር፥ ጨው፥ ቪታሚንና ማዕድን ተቀላቅለው ይዘጋጅ ነበር። የዚህ ድብልቅ ምስጢር ቀላል ነው። በስንዴ ውስጥ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሽምብራውና አኩሪ አተሩ ይሞሉታል፤ በእነዚህ የጎደለውንም ስንዴው ይሞላዋል። ሽሮን ከእንጀራ ጋር ያጣመረችው የአገራችን ባለ ሙያ ሴት ይህንኑ ሥራ ከሐኪሞች በፊት ስትሠራ ኖራለች፤ ልዩነቱ ለሕፃን በሚሆን መልክ አለመዘጋጀቱ ብቻ ነው።

ፋፋ መልካም ነገር ነበር፤ ሆኖም በገበያ የሚሸጥ ዕቃ እንደ መሆኑ ይበልጥ የቀረበው ለከተማ ሰው ነበር። ደመወዝተኛ ከሱቅ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ከመኪና መንገድ የራቀው የደጋ ገበሬ ግን ጥሬ ገንዘብም ሱቅም አልነበረውም። ወሎ በ1973 እና በ1974፥ ከዚያም በ1984 እና በ1985 በረኀብ በተመታ ጊዜ እንዲህ ያለው የተደባለቀ ዱቄት በእርዳታ መልክ ወደ መጠለያዎች ደረሰ። በእነዚያ ዘመናት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ አስቀድመው ከሞቱትም መካከል ገና ከጡት ወደ እህል በመሻገር ላይ የነበሩ ሕፃናት ብዙዎች ነበሩ። የሕፃን ምግብ በረኀብ ዘመን በጆንያ መጥቶ፥ በጥጋብ ዘመን የሚረሳ ነገር መሆኑ ግን እጅግ ያሳዝናል። ድልድይ የሚሠራው ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ነውና።

በዚያው ዘመን በከተማ ሌላ ፈተና ገብቶ ነበር። ጡጦና የቆርቆሮ ወተት የሥልጣኔ ምልክት መስለው ታዩ። ንጹሕ ውሃ በሌለበት፥ ዱቄቱም ለቍጠባ ተብሎ በሚቀጥንበት ቤት የጡጦ ወተት ተቅማጥ ማምጣቱን ሐኪሞች በየአገሩ አስተዋሉ። የዓለም ጤና ጉባኤም በ1981 የእናት ጡት ወተት ምትክ የሚባሉ ምግቦች በማስታወቂያ እንዳይሸጡ የሚከለክል ደንብ አጸደቀ። በ2001 ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፥ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዲቀጥል መከረ።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በአገራችን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል በምግብ ጕድለት ቁመታቸው የቀነጨረው በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ። ይህ ቍጥር በ2016 ወደ 38 ወርዷል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው የጤና ባለ ሙያ ሴቶችን አሰማርቶ እናቶችን ማስተማሩ ለዚህ ከረዱት አንዱ ነው። በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ተስፋ ሰጥቷል። ነገር ግን በዚያው በ2016 በአማራ ክልል የቀነጨሩት ከመቶ 46 ነበሩ፤ ከአገሪቱ አማካይ የበለጠ ነው። በመላ አገሪቱም ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነትም በመጠንም የሚበቃ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ሆነው ተገኙ።

ይህን የመጨረሻ ቍጥር እንዲያስተውሉት እንለምንዎታለን። ከመቶ 93 ሕፃናት የሚገባቸውን ካላገኙ፥ ነገሩ የድኻ ቤት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። በከተማ ደመወዝ በሚገባበት ቤትም ሕፃኑ በሻይ የራሰ ብስኩት እየበላ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት ደግሞ በስድስተኛው ወር ገደማ ያልቃል። ስለዚህ አባት በመሥሪያ ቤት፥ እናት በመሥሪያ ቤት ውለው፥ ልጃቸው በቤት ውስጥ ሳይራብ ይጎዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐኪሞች የሚሉት አጭር ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡቱ ሳይለይ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀምር። ከ6 እስከ 8 ወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ ከዚያ በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በቀን ይመገብ። ከጡት ሌላ በቀን የሚያስፈልገው ኀይል መጀመሪያ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ፥ ከ9 ወር ጀምሮ ወደ 300፥ ዓመት ሲሞላው ወደ 550 ከፍ ይላል። ከእህሉ ጋር ጥራጥሬ፥ እንቍላል ወይም ወተት፥ ሲገኝም በደንብ የላመ ሥጋ፥ አትክልትና ፍሬ ይግባበት። በፍሬ ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲ እህሉ የያዘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ስለሚያደርግ፥ ፍሬ ለጣዕም ብቻ የሚሰጥ እንዳይመስልዎ።

ወደ ስምንተኛው ወር ገደማ ሕፃኑ በጣቱ ይዞ መብላት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚሆን፥ በከተማ ፓንኬክ የሚባለውን የመሰለ የፍሬ ቂጣ አለ። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ በሹካ ይላማል። አንድ እንቍላል ተመትቶ ይገባበታል። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት ተጨምሮ ሊጡ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ እስኪሆን ይማሰላል። ምጣዱ ወይም መጥበሻው ጥቂት ቅቤ ይቀባና በለዘብተኛ እሳት ላይ በማንኪያ በማንኪያ እየተደረገ ሁለቱም ገጹ ይበስላል። እንቍላሉ ጥሬ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሲበርድ በጣት ልክ ተቆርጦ ይሰጣል፤ ሕፃኑም ተቀምጦ፥ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይብላ።

ሙዝ በደጋ ባይገኝ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት፥ ወቅቱ ሲሆንም ተቀቅሎ የላመ ኮክ ይተካዋል። ፓፓያና ማንጎ በሚደርስበት አገር ደግሞ እነርሱ ለዓይን የሚጠቅመውን ቪታሚን ኤ ስለሚይዙ ከሙዝም ይበልጣሉ። ስኳርና ጨው አያስፈልገውም፤ ፍሬው ራሱ ጣፋጭ ነው። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ረቂቅ ተሕዋስ የሕፃኑን ጅማት የሚያሽመደምድ መርዝ በአንጀቱ ውስጥ ሊፈጥር ይችላልና። ይህ ቂጣ የገንፎውና የፍትፍቱ ረዳት ነው እንጂ ብቻውን የሚበቃ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ሕፃኑ የራሱ ሳሕን ይኑረው። በአንድ መሶብ ዙሪያ መብላት የፍቅራችን ምልክት ነው፤ ሆኖም ጥርስ የሌለው ሕፃን ከታላላቆቹ ጋር ተሻምቶ ሊበላ አይችልም። ምን ያህል እንደ በላም የሚታወቀው ሳሕኑ ሲለይ ብቻ ነው።

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው የሚሠሩ፥ ነገር ግን አባት እናትዎና እኅትዎ በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም ወይም በሌላው የአገራችን ደጋ የሚኖሩ ይሆናሉ። ለበዓል ወደ አገርዎ ሲሄዱ ለልጆች በኪስዎ የሚይዙት ምንድን ነው? ከረሜላና ብስኩት አይደለምን? በዚያው ገንዘብ እንቍላል የምትጥል አንዲት ዶሮ ገዝተው ለእኅትዎ ቢሰጡና «ይህችኛይቱ ለገበያ አይደለችም፤ የሕፃኑ ናት» ቢሏት፥ ከከረሜላው ይልቅ ብዙ ዘመን ይታወሳል። ወደ ቤትዎ ሲመለሱም የራስዎን ልጅ ሳሕን ገልጠው ይመልከቱ። ከመቶ ሰባቱ ከሆነ ያመስግኑ፤ ከዘጠና ሦስቱ ከሆነ ግን ለማረም ጊዜው አላለፈም። ጥቅምት ግን ረጅም ወር አይደለም።